አምባዛ የሞተበት ውኃ

ረቡዕ ጠዋት ሬሳውን ያገኙት ሣር አጫጆች ነበሩ። እኔ ስደርስ ግን ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ዓሣው ላይ ነው። ከሹም አቦ በታች ደንገል የከበባት አንዲት ጠባብ የሐይቅ ጥግ አለች፤ ከዋናው ጣና ጋር የምትገናኘው በቀጭን መግቢያ ብቻ ነው። ያቺ ጥግ በሞተ ዓሣ ተሸፍናለች። ነጭ ዓሣው፣ ቀረሶው፣ ጣት የማታክለው ጫጩት ሳትቀር ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ተንሳፍፏል። ሐይቁን ሳይ ነው ያደግሁት፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም።

"ሱብሃነላህ! ማን ነው እንዲህ ያደረገ?" አልሁ ጮክ ብዬ።

"ሰውየውን ነው ዓሣውን?" አለኝ አንዱ አጫጅ። እያሾፈ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ሰውየው መርስዔ ኀዘን ነው፣ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ። ወገቡ ውኃ ውስጥ፣ ራሱ ሣሩ ላይ፣ በጀርባው ተንጋሏል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። የጥይትም የጩቤም ቁስል የለበትም፤ አንገቱ ላይ ግን ቆዳው ተልጧል። ፀጉሩ ሥርና ጆሮው ውስጥ ነጭ ነገር ደርቆበታል፣ ፊቱ ግን ንጹሕ ነው። ይህቺ ነገር አልዋጥልኝ አለች። ሐይቅ ሲያጥብ ሁሉን ያጥባል፣ ያለዚያም ሁሉን ይተዋል፤ ፊት መርጦ አያጥብም።

ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ማን እንደሆንሁ እኔው ልንገራችሁ። ቡርሀን እባላለሁ፤ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ለንግድ አስመራ ስመላለስ የለቃቀምኋት ጣሊያንኛ መዘዝ ሆናብኝ፣ ጠላት ባሕር ዳር ሲገባ ለፖሊሱ ወንጀል መርማሪ አድርጎ ያዘኝ። ያዘኝ እላለሁ እንጂ እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ያሉም ነበሩ። እኔ ቀዩን ታርቡሽ፣ ያን የጣሊያን አሽከሮች የሚያደርጉትን ቆብ፣ አጠለቅሁና፣ "ይህ ሥራ ነው፤ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ማንም ቢገዛ ይፈለጋል" እያልሁ ራሴን አባብል ነበር። ሰፈሩ ግን ባንዳ ይለኛል። በሰኔ 1930 የነበርሁት ሰው ይኸው ነው።

አለቃዬ ጣሊያኑ ካፒቴን ቢሮ ስገባ ነገሩ ተቋጭቶ ጠበቀኝ።

"አደም የሚባል አጥማጅ ይዘናል" አለኝ። "ጎጆው ከቦታው ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ውስጡ ይህ ተገኘ።"

ጠረጴዛው ላይ አንድ ከረጢት የተወቀጠ ብርብራ ዘረገፈ። ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ዱቄቱ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣውን አስክሮ ያንሳፍፋል። ከማንም አጥማጅ ቤት አይጠፋም።

"ሰኞ ዕለት መርስዔ ኀዘን ለጦሩ ብሎ ዓሣውን ወስዶበት ነበር። ሰው በተሰበሰበበት 'አላህ ያሳይህ' ብሎታል። ማክሰኞ ማታ ጦሩ የሚበላውን ዓሣ ሊመርዝ ይህን በተነ፣ አስተርጓሚው ደረሰበት፣ ገደለው። ፀጉሩ ላይ ያለው ነጭ ዱቄትም ይኸው ነው። ቅዳሜ በገበያ ቀን ይሰቀላል።"

"ካፒቴን፣ የሬሳው ፊት እኮ..."

"ቅዳሜ!" አለኝ። "እስከ ዓርብ ማታ ሌላ ነገር ካመጣህ እሰማሃለሁ።"

አደም ከእስር ቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ይፈራል ብዬ ስጠብቅ ተቆጥቶ አገኘሁት።

"በሰኔ ብርብራ የሚበትን እብድ ነው፣ አያ ቡርሀን! ብርብራ የጥቅምት ነው፣ ወንዙ ሲጎድልና ውኃው ሲቆም። አሁንማ ጎርፉ ጠርጎ ይወስደዋል። ይህን የማያውቅ አጥማጅ አለ?"

"ማክሰኞ ማታ የት ነበርህ?"

"ዝናቡ ሳይመጣ ከእናቴ ጋር ታንኳዬን ወደ መጠለያው ስናስገባ። ደንገል ዝናብ ከጠጣ ስንት ቀን አይደርቅም።"

"ከእናትህ ሌላ ማን አየህ?"

"እናቴ አትበቃም?"

"ለኔ ትበቃለች። ለነሱ አትበቃም።"

 ቁጣው ሲወርድለት ከሥሩ ያለው ፍርሃት ታየኝ።

"ቅዳሜ እናቴ ገበያ እንዳትወጣ ንገርልኝ" አለ። ሌላ ምንም አልለመነኝም። እኔም ምንም ቃል አልገባሁለትም፤ ምን ብዬ ልግባ?

እናቱን ሀሙስ ጠዋት እዚያችው ጥግ አገኘኋቸው። እማማ ሀጂራ ጎንበስ ብለው የሞተውን ዓሣ አንድ በአንድ እያገላበጡ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዓሣ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ወዲህ መረብ የሚጥልበትን ቦታ ለልጃቸው የሚመርጡለት እሳቸው ናቸው።

"አንተ ቡርሀን፣ ና እስቲ። ይህ ምንድን ነው?"

"አምባዛ" አልሁ። ያ ጢሙ ረጅም፣ ቆዳው ቅርፊት የሌለው ጭቃ ወዳድ ዓሣ ነው።

"ሞቷል።"

"ሁሉም ሞቷል እኮ፣ እማማ።"

"ሌላውማ ይሙት! አምባዛ ለምን ይሞታል?" ብለው ጮኹብኝ።

አፍሬ ጎናቸው ቁጢጥ አልሁ። እሳቸውም ለደንቆሮ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው ነገሩኝ። እናንተ ውኃ ሁሉ አንድ ይመስላችኋል አሉ። ነጭ ዓሣ የሚፈልገው የጠራና የሚንቀሳቀስ ውኃ ነው፤ እንቁላሉን እንኳ የሚጥለው ወንዝ ወጥቶ፣ ጠጠር ላይ ነው። ቀረሶ ሣር ባለበት ዳር ይውላል፤ ውኃው ትንሽ ቢደፈርስም ይችላል። ደንገል ሥር ያለው፣ ቅጠል የበሰበሰበት ጥቁር ውኃ ግን ሁለቱንም ያፍናል፤ እስትንፋስ የለውም። እዚያ የሚኖረው አምባዛ ብቻ ነው። ብቅ ይልና ከላይ አየር ጎርሶ ተመልሶ ይገባል።

"ብርብራም ቢሆን ቀድሞ የሚጥለው እነዚያን ነው" አሉ። "አምባዛ ጭቃው ውስጥ ተቀብሮ ያሳልፈዋል። ሰፈሩ አንተን ምን እንደሚልህ ታውቃለህ?"

"ባንዳ።"

"እሱን ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ አምባዛ ይሉሃል። ሌላው የማይችለውን ውኃ ስለምትችል።"

ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። እሳቸው ግን ነገሩን ጥለውት እጄን ያዙና ጥጓ ውስጥ ነከሩት።

"ጣትህን እሸው።"

አሸሁት። ያሟልጫል።

"እንደ ሳሙና ነው" አልሁ።

"የጣና ውኃ እንዲህ አድርጎ ያውቃል? አሁን ይህን እይ።" የአምባዛውን ስንጥብ፣ ያን በጭንቅላቱ ጎን ያለውን መተንፈሻውን፣ ገለጥ አደረጉት። ቀይ መሆን ሲገባው ተቀቅሎ እንደወጣ ሥጋ ነጭ ሆኗል። "ልጄ አይደለም፣ ብርብራም አይደለም። ይህን ዓሣ ውኃው ራሱ ነው ያቃጠለው። የምን ውኃ እንደሆነ ፈልግ፤ ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው።"

እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ፣ ዓሣ የሚገድል ምን አለ? እንዶድ! ከጥጓ በላይ በምትወርደው ጅረት የጦሩን ልብስ የምታጥበው ደግሞ ማን ናት? የመርስዔ ኀዘን ሚስት፣ ፅጌ ማርያም። ባሏ እንደሚደበድባት ከተማው ያውቃል። አገኘሁት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ። እንዲህ ያለ ሞኝ መርማሪ!

ፅጌ ማርያም ጥቁር ለብሳ ከለቀስተኞች መሐል ወጣችልኝ። ክንዷ ላይ የቆየ ሰንበር ይታያል፤ ስመለከተው አልሸፈነችውም።

"ማክሰኞ ማታ ጎረቤት ለቅሶ ቤት ነበርሁ። ሃያ ሴቶች አይተውኛል፤ ጠይቅ" አለች።

"የምታጥቢበት እንዶድ..."

"እንዶድ አረፋ ነው የሚተወው። እንደዚህ ያደርጋል?" ብላ ገብታ የባሏን ኮት ይዛልኝ መጣች። ሬሳውን ሲገንዙ ያወለቁት ነው። ኮቱ ሳንቃ ሆኗል። እጅጌውን ለማጠፍ ብሞክር ተሰነጠቀና ነጭ ቅርፊት እግሬ ሥር ረገፈ። ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ነጭ ነገር። አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

"ማክሰኞ ወዴት ነው የሄደው?"

"አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ መንገድ ሥራው። የሠራተኛ ስም ሊመዘግብ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከመሸንቲ ከተመለሰ ወዲህ አይተኛም ነበር። ገበያ ላይ አምስት ሰው በከዘራው ጠቁሞ አስረሽኗል። ስጠይቀው 'ሥራ ነው' ይለኛል። ሌላ መልስ አልነበረውም።"

እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

"ነገ ሣልስቱ ነው" አለች። "ክፉም ቢሆን ፍትሐት አይነፈገውም።"

የመንገድ ሥራው የኖራ ጉድጓድ ከጥጓ በላይ፣ ከፍ ያለው ሜዳ ላይ ነው። የተቃጠለውን ድንጋይ እዚያ ጨምረው ውኃ ያጠጡታል፤ ይፈላል፣ ያጨሳል፣ ኋላ እንደ ወፍራም ወተት ይሆናል። ካቦው ከአስመራ የመጣ ጎልማሳ ነው። ሰላምታዬን እንኳ ሳይጨርስልኝ ማማረር ጀመረ።

"የማክሰኞው ዝናብ አጥፍቶኛል! ግድቡን ንዶት የሁለት ሳምንት ኖራ ወደ ሐይቁ ወረደ። ትናንት ነው መልሰን የደፈንነው።"

በታችኛው በኩል ዞሬ አየሁት። ዝናብ ግድብ ሲንድ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ይህ ከታች ተቦርቡሯል። ከአዲሱ ጭቃ ጎን ያለው አሮጌው ጭቃ ላይ፣ አራት አራት ሆኖ የጣት ፈለግ ደርቋል። በባዶ እጁ የቆፈረ ሰው ነው።

ሠራተኞቹን አሰልፌ አየኋቸው። ኖራ ተሸካሚ የሚቃጠለው ትከሻውና አንገቱ ላይ ነው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። እጃቸውን ቅቤ ስለሚቀቡት ደህና ነው።

"የቀረ ሰው አለ?"

"የብርጓል የምትባል ውኃ ቀጂ ናት። ክንዷን ኖራ አቃጥሏት ቀረች።"

"ውኃ ቀጂ ኖራ ምን አስነካት?"

ካቦው ወደ ጉድጓዱ ዞሮ አየ።

"የየት አገር ሰው ናት?" አልሁት፤ መልሱን ግን አውቄዋለሁ።

"የመሸንቲ" አለ።

የሬሳውን ፊት ያጠበ ሰው ከፍትሐቱ አይቀርም ብዬ፣ ዓርብ ረፋድ ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። የመርስዔ ኀዘን ሣልስት እየተደገመ ነው። ከለቀስተኞቹ ኋላ፣ ከግቢው ቅጥር ሥር፣ ክንዶቿን ነጠላዋ ውስጥ የደበቀች ቀጭን ሴት ቆማለች። ሕዝቡ ሲበተን እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ታርቡሼን አይታ አልሸሸችም።

"የብርጓል አንቺ ነሽ?"

"ነኝ። ፍትሐቱ አልቋል" አለች። "አሁን እንሂድ።"

"ወዴት?"

"ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር እኮ። ያ ልጅ ነገ ሊሰቀል ነው። ሣልስቱ እስኪወጣለት ብቻ ነው የቆየሁ።"

የቅጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እሷም ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ገለጠች። እጆቿ እስከ ክርኗ ድረስ ተልጠዋል።

"ባሌን በከዘራው ጠቆመው" አለች። "ባሌ ምንም አላደረገም ብዬ አልዋሽዎትም፤ ለአርበኞቹ እህል አቀብሏል። እዚህ የመጣሁ ግን ሰው ልገድል አይደለም፣ እንጀራ ፍለጋ ነው። ማክሰኞ ሰው ሲበተን የመጨረሻውን እንስራ ስገለብጥ መጣ። 'አንቺ የየት ነሽ?' አለኝ። 'የመሸንቲ' አልሁት። ከዘራውን አነሣና ወደ እኔ ጠቆመ። ሊመዘግበኝም ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ያቺን ከዘራ ሳይ ገፋሁት።"

"ወዲያው ሞተ?"

"አንዴ ጮኸ። ሄድሁ። ደጄ ደርሼ ተመለስሁ።"

"ለምን ተመለስሽ? እዚያው ብትተይው እኮ ኖራው ይውጠው ነበር። ማንም አያገኘውም!"

ይህን ስላት ደንግጣ አየችኝ፤ ነውር የተናገርሁ እኔ ነኝ።

"ክርስትና የተነሣ ሰው ነው፣ አያ ቡርሀን። ያለ ፍትሐት ኖራ ውስጥ ይቅር? ዝናቡ ሲወርድ ግድቡን በእጄ ቦረቦርሁት። ኖራው ፈሰሰ፣ እሱንም ይዞት ወረደ። ሣሩ ላይ ጎተትሁት፣ በእንስራዬ ንጹሕ ውኃ አምጥቼ ፊቱን አጠብሁት፣ ዓይኑን ከደንሁት። ዓሣው ያልቃል ብዬ አላሰብሁም። የሰው ልጅ ይያዝበታል ብዬማ እንዴት አስባለሁ? እኔ የእርሻ አገር ሰው ነኝ፤ ውኃ እንደሚሞት አላውቅም ነበር።"

ያን ጊዜ አለቀስሁ። መርማሪ ተጠርጣሪ ፊት ሲያለቅስ ምን ይባላል? እሷ ግን ለማባበል እንኳ አልሞከረችም፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ካፒቴኑ ነፍሰ ገዳይ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ይኸው እጄ ላይ አለች። ብሰጣት ሥራዬን ሠራሁ። ብደብቃት አደም ነገ ገመድ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን ቆሻሻ ውኃ 'ሥራ ነው' እያልሁ አየር እየጎረስሁ ኖርሁበት። ይህኛውን ግን አልቻልሁትም።

"ቤትሽ ግቢ" አልኋት።

"ልጁስ?"

"ልጁን ለኔ ተዪው። እስከ ማታ ካልተፈታ ያኔ ነይ።"

ካፒቴኑ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ዕቃ ከሐኪሙ ክፍል አስመጥቼ አስቀመጥሁ። በሁለቱም ንጹሕ የሐይቅ ውኃ፤ በየዕቃው አንድ አንድ ቀረሶና አንድ አንድ ትንሽ አምባዛ፣ እማማ ሀጂራ ከነሕይወታቸው በእንስራ ያመጧቸው። አሮጊቷ በር ላይ ቆመዋል። በአንደኛው ከአደም ብርብራ ቆነጠርሁበት፣ በሁለተኛው ከኖራው ጉድጓድ አንድ ጭልፋ ጨመርሁበት። ካፒቴኑ ሰዓቱን አውጥቶ ያይ ጀመር።

ብርብራው ውስጥ ቀረሶው ተንገዳግዶ ሞተ። አምባዛው ብቅ ብሎ አየር ጎረሰ፣ ተመልሶ ታች ተኛ። ኖራው ውስጥ ያሉት ሁለቱም ተንፈራገጡ፣ ብዙም ሳይቆይ ጸጥ አሉ። አውጥቼ ስንጥባቸውን ገለጥሁለት፤ ነጭ ነው። ከጥጓ የመጣውን የረቡዕ አምባዛ አጠገቡ አስቀመጥሁ። ያም ነጭ ነው። በመጨረሻ ኮቱን ዘረጋሁለት።

"ኖራው የማን ነው?" አለ።

"የመንገድ ሥራው። የናንተው።"

"ጉድጓዱ አጥር አለው?"

"የለውም።"

ተነሥቶ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ተመለከተ። ያልታጠረ ጉድጓዳቸው አስተርጓሚያቸውን ዋጠ፣ ጦራቸው የሚበላውንም ዓሣ ጨረሰ፤ ይህን ለአለቆቹ እንዴት እንደሚጽፈው ሲያወጣ ሲያወርድ ይታየኛል።

"ታዲያ ማን ገፋው?"

"ዝናቡ" አልሁ። "ዳር ዳሩን ሲሄድ አፈሩ ከዳው። ጎርፉም ግድቡን ንዶ ወደ ጥጓ አወረደው።"

ዞሮ አየኝ። 

"ፊቱስ? 'የሬሳው ፊት' ስትለኝ ነበር።"

 "ዝናብ ነው ያጠበው። ተንጋሎ ነበር።"

"ትፈርማለህ?"

"እፈርማለሁ።"

ስንት ዓመት በጣሊያን ቢሮ ስጽፍ በወረቀት የዋሸሁት ያን ዓርብ ብቻ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ካላለኝም እዳዬ ነው። አደም ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈታ። እማማ ሀጂራ አንገቱን ይዘው ሲስሙት እኔ ወደ ሌላ ዞሬ ቆምሁ።

ጥጓ ግን ወዲያው አልዳነችም። እማማ ሀጂራ በደንገል ቅርጫት አንድ ቀረሶ ከነሕይወቱ ይከቱና ጥጓ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። በሳምንቱ ሌላ ያሳድራሉ፤ ይሞታል። የብርጓል ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበርና ውኃ ልትቀዳ ስታልፍ ቅርጫቱን አንሥታ ታያለች፣ "ዛሬም የለም" ብላ ለአሮጊቷ ትነግራለች። ለምን እንደምታይ የጠየቃት የለም። ሐምሌ ገባ፣ ጎርፉ ጥጓን ደጋግሞ አጠባት፣ ውኃውም ጣት ላይ ማሟለጩን ተወ።

አንድ ጠዋት በዚያ ሳልፍ የብርጓል ጠራችኝ። "አያ ቡርሀን! ነፍስ አለው!" ቀረሶው ቅርጫቱ ውስጥ ይፈራገጣል። አደምና እናቱ ከጎጆው ሮጠው መጡ። አደም ሳቀ፤ ዓሣውን አወጣና ለሷ ሰጣት።

"እንቺ፣ ስትጠብቂው የከረምሽ አንቺ ነሽ። ላንቺ ይገባል።"

በሁለት እጇ ተቀበለችው። ነጠላዋ ተንሸራተተ፤ ክንዶቿ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነው። ጎንበስ አለችና ውኃው ውስጥ ለቀቀችው።

"ሴትዮ ምን ነካሽ?" ብሎ ጮኸ አደም። "እንድትበዪው እኮ ነው!"

"ገና አሁን ነው ውኃ የሆነለት" አለች። "ትንሽ ይኑርበት።"

እማማ ሀጂራ ክንዶቿን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ፤ እኔ ዓይኔን ሰበርሁ። ወደ ጎጆው ገቡ። ልጃቸውን ይዘው የሚሄዱ፣ ወይም ጮኸው ሰው የሚጠሩ መሰለኝ። በቅል ቅቤ ይዘው ተመለሱ። የብርጓልን ቁጭ አደረጓትና ከጣቷ ጀምረው እስከ ክርኗ ድረስ ቀስ እያሉ ይቀቧት ጀመር።